ቀይ ነጥብ ያላት ንግሥት

ንግሥቲቱን ቀይ የቀባኋት እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ ኋላ ላይ "ምስኪን፣ አላወቀች ይሆናል" ብላችሁ እንዳታዝኑልኝ። አውቄያለሁ። አባቴ ከማወቃቸው ስምንት ቀን በፊት አውቄ ዝም ብያለሁ።

አባቴ ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ጉድ ሲሰሙ ኖረው ወንበሩን ሲለቁ የማይከራከር ነገር አማራቸውና ንብ ማነብ ጀመሩ። መተዳደሪያ እንዳይመስላችሁ፤ ጊዜ ማሳለፊያ ነው። በቤታችን ጓሮ ንብ ያለባቸው አራት ቀፎዎች፣ አንድ ባዶ ቀፎ፣ አንድ በርጩማ እና አንድ ደብተር አላቸው። የእያንዳንዱ ቀፎ ነገር ደብተሩ ላይ እንደ ችሎት መዝገብ ይጻፋል። አምና ከታመሙ ወዲህ እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ቀፎ የምከፍተው እኔ ነኝ። የምሠራው መነፅር ቤት ነው፤ ቀኑን ሙሉ ዓይን የማይሞላ ብሎን ሳጠብቅ ስለምውል እጄ አይስትም።

ንግሥት ንብ ከሺህ ንቦች መሀል ቶሎ እንድትታይ ጀርባዋ ላይ ነጥብ ይደረግላታል። አባባ ለዚህ የሚሆን ቀለም ፈልገው ሲያጡ የራሴን የጥፍር ቀለም አመጣሁና በክብሪት እንጨት ጫፍ አንዲት ጠብታ አሳረፍኩባት። አባባ "አሁን እንዳንቺው ቄንጠኛ ሆነች" ብለው ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሁለተኛው ቀፎ ንግሥት ስሟ "ቄንጠኛዋ" ሆነ።

ሜትሮን ያመጣብኝም ይኸው ንብ ነው። ሜትሮ የሚሉት አናጢ ስለሆነና መለኪያው ከወገቡ ስለማይወርድ ነው፤ አንዳንዴ ሲያወራም ሰውን ከእግር እስከ ራስ በዓይኑ ለክቶ ነው የሚጀምረው። ለአባባ ቀፎ ሊሠራ መጣ። ሦስተኛውን ቀፎ ሲያስረክብ እሱን ንብ ይዞት ነበር፣ እኔን እሱ ይዞኝ ነበር። ከእኛ ቤት ሦስት መንገድ ወዲያ ካለው ሥራ ቤቱ ውስጥ ለራሱ አንድ ቀፎ ሠርቶ፣ ከአባባ ቀፎ በተረፈ አሮጌ የማር እንጀራ ውስጡን አሽቶ፣ መንጋ ይመጣልኛል ብሎ ጣሪያ ላይ አስቀመጠ። አንድ ዓመት ሙሉ ዝንብ እንኳ አልገባለትም።

እናቱ በእኛ ቤት ዘጠኝ ዓመት ልብስ አጥበዋል። አባባ ሜትሮን "እጁ ወርቅ ነው" ይሉታል፤ ከእጁ አልፈው ሌላውን ግን አያነሱትም። ስለዚህ የምንጻጻፈው ተደብቀን ነበር። የደብዳቤ ሳጥናችን አምስተኛው ባዶ ቀፎ ነው። እሱ ቀፎ ወይም ንቦች የማር እንጀራ የሚሠሩበትን የእንጨት ፍሬም ሊያስረክብ ሲመጣ ክዳኑ ሥር ወረቀት ያኖራል፣ እኔ ማታ ቀፎዎቹን ጨርቅ የማለብስ መስዬ አወጣዋለሁ። ሠላሳ ሊሞላኝ ጥቂት የቀረኝ ሴት ነኝ፤ ግን የአባቴን ቤት ደፍ ስረግጥ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው።

ያ ሳምንት አበባ ሁሉ የፈነዳበት ነበር። የሁለተኛው ቀፎ ንቦች ቤቱ ጠቧቸው በሩ ላይ እንደ ጺም ተንጠልጥለው ሰነበቱ። እሮብ ማለዳ ስከፍተው ከፍሬሞቹ ግርጌ ቁልቁል የተንጠለጠሉ፣ ለውዝ የሚያህሉ፣ አፋቸው በሰም የታሸገ ስድስት ጎጆዎች አየሁ። አዲስ ንግሥት የሚያሳድጉባቸው ናቸው። ንብ ይዞ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲያይ ነገሩ ይገባዋል፤ አሮጌዋ ንግሥት በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ግማሹን ሕዝብ አስከትላ ቤቱን ለቃ ልትወጣ ነው። ለአባባ ነግሬ ቀፎውን ለሁለት ብንከፍለው ኖሮ ይህን ሁሉ ባላወራኋችሁ።

ግን ከሥራ በፊት ሜትሮ ጋ ብቅ ልል ቸኩያለሁ። ክዳኑን ገጠምኩና ደብተሩ ላይ "ሁለተኛ ቀፎ፦ ሁሉ ደህና" ብዬ ጻፍኩ። በደንብ አሳምሬ ነው የጻፍኩት።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሜትሮ አዲስ ፍሬሞች ይዞ ጓሯችን ገባ፤ አባባ ከእንቅልፋቸው እስኪነሱ ግማሽ ሰዓት ብቻውን ቆየ። አርብ አባባ ሐኪም ጋ ሄደው ሳለ፣ እኔም ሥራ ላይ ሳለሁ፣ ቄንጠኛዋ ወጣች። አባባ ተመልሰው የቀፎው በር ላይ ጥቂት ንብ ሲያዩ ደብተሩን ገለጡና "ሁሉ ደህና ነበርኮ" አሉ። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ "ምን ይደረግ፣ ንብ አይደል" አልኳቸው።

* * *

ቅዳሜ ግማሽ ቀን ሠርቼ ሜትሮ ጋ ሄድኩ። ግቢውን የሚጋራው በያጅ የብየዳ ጭምብሉን ፊቱ ላይ ደፍቶ ከብረት በር ጀርባ ተሸጉጦ አገኘሁት። እንዳልገባ በእጁ ከለከለኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን በሳቅ እሞት ነበር።

ከዘይቱኑ ዛፍ ዝቅተኛ ቅርንጫፍ ላይ አንድ ቡናማ ነገር ተንጠልጥሏል። ለማያውቀው ሰው የተሰጣ እርጥብ ጆንያ ይመስላል፤ ጠጋ ሲሉት ግን ላይ ላዩ ይርመሰመሳል። ሜትሮ ከሥሩ ቆሞ አንገቱን አቅንቶ ያያል። ለካስ ከትናንት ጀምሮ ሥራ ፈትቷል። ጣሪያ ላይ ያለችው ቀፎ በር ላይ ሁለት ሦስት ንቦች ሲገቡ ሲወጡ፣ ግድግዳውን ሲዳስሱ፣ ቤት ሊከራይ እንደመጣ ሰው ጥግ ጥጉን ሲያዩ አይቶ ነበር። ቃኚዎች መሆናቸውን ስላወቀ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደውም። ጠዋት ቢመጣ መንጋው ቅርንጫፉ ላይ አድሯል።

ከቀፎ የወጣ መንጋ ሆዱ በማር የተሞላ ስለሆነ፣ የሚጠብቀው ቤትና ልጅም ስለሌለው፣ ካልነኩት አይነካም። ይህን ነግሬው ሥራ ጀመርን። ክንፋቸው እንዲከብድ ውኃ በስሱ ረጨሁባቸው። እሱ ቀፎውን ከጣሪያ አውርዶ ከቅርንጫፉ ሥር አስጠጋው። አንዴ ብቻ ጠንከር አድርጎ እንዲነቀንቀው፣ ቀስ ቀስ ቢል ግን እንደሚበተኑ ነገርኩት። ቅርንጫፉን በሁለት እጁ ያዘ፤ ዞር ብሎ አየኝ። እኔም አየሁት። ከዚያ በፊት ብዙ ጊዜ ተያይተናል፤ እንደዚያ ቀን ግን አልተያየንም።

ሲነቀንቀው መንጋው ዱብ ብሎ ወደቀ። የንብ መንጋ ሲወድቅ ድምፁ የእህል ስልቻ ሲወርድ እንደሚሰማው ነው። አየሩ በንብ ተሞላ። ክዳኑን በትንሹ ገርበብ አድርገን ወደ ኋላ አልን። ጥቂት ቆይቶ በሩ ላይ ያሉት ንቦች ጅራታቸውን ወደ ላይ ቀስረው ክንፋቸውን ማርገብገብ ጀመሩ፤ በአየር ላይ የቀሩትም እየወረዱ በሰልፍ ወደ ውስጥ ይገቡ ጀመር። ንግሥቲቱ ውስጥ ናት ማለት ነው። ሜትሮ እጄን ያዘኝ። እጁ እንደ እሳት ይሞቅ ነበር።

እርግጠኛ ለመሆን አሮጌው የማር እንጀራ ያለበትን ፍሬም በቀስታ መዘዝኩት። እሱ በትከሻዬ በኩል ያያል። ንቦቹ ፈቀቅ ፈቀቅ እያሉ መንገድ ለቀቁላት፤ እሷም ረዘም ያለ ሆዷን እየጎተተች፣ ሳትቸኩል፣ በእጄ ሥር አለፈች። ጀርባዋ ላይ ቀይ ነጥብ አለ።

የእኛ ናት ልል አፌን ከፈትኩ። ያን ጊዜ እሱ ከኋላዬ፣ ለእኔ ይሁን ለራሱ ሳይታወቅ፣ ቀስ ብሎ መናገር ጀመረ።

"ዕድሜዬን ሙሉ የሰው በር ስሠራ ነው የኖርኩት። ገጥሜ እሄዳለሁ፣ የሚገባበት ሌላ ሰው ነው። ይኼ ግን የራሴን ቤት አይቶ፣ ወዶ፣ ራሱ መጣልኝ።"

ይህን ሰምታ "ተሳስተሃል" የምትል ሴት ካለች ከእኔ ትበልጣለች። ፍሬሙን መለስኩና "እንኳን ደስ አለህ" አልኩት። ደስታው አንጀቴን በላው፤ ቤቴ እስክደርስ ድረስም ያደረግሁት ነገር ደግነት ይመስለኝ ነበር።

* * *

ከስምንት ቀን በኋላ፣ እሑድ፣ አባባ ሜትሮ ንብ እንደያዘ ሰሙ። የነገራቸው በያጁ ነው፤ በመንገድ አግኝቷቸው ጀብዱውን ሲያወራ ጭምብሉን አልጠቀሰም። አባባ ከልባቸው ደስ አላቸው። የሠራውን ሰው ማየት አለብኝ ብለው ለባብሰው ወጡ፤ እኔንም አስከተሉኝ። ራሴን አሞኛል ልል ፈልጌ ነበር። ግን አለመሄድም ያስጠረጥራል ብዬ ፈራሁ፤ አንድ ጊዜ የዋሸ ሰው ለራስ ምታቱም ምክንያት ያስፈልገዋል።

ሥራ ቤቱ ውስጥ በያጁ አለ፤ የቤት በር ያዘዙ አንዲት ሴትዮም አሉ። ሜትሮ አባባን ሲያይ እጁን በሱሪው ጠርጎ ሮጦ መጣ። ቀፎውን ከፈተላቸው። ነጭ፣ አዲስ፣ ገና ቢጫ ያልነካው የማር እንጀራ ተሠርቶበታል። አባባ መነፅራቸውን ከፍ አድርገው ጎንበስ አሉ። እኔ በሩ ላይ ቀረሁ። ጀርባቸው ሲደርቅ አይቼ እንዳገኟት አወቅሁ።

አባባ ሲቆጡ አይጮኹም፤ የችሎት ድምፅ ነው የሚያወጡት።

"ይህችን ንግሥት አውቃታለሁ" አሉ። "የዚያን ሐሙስ ዕለት ጓሮዬ ውስጥ ብቻህን ግማሽ ሰዓት ቆይተሃል። አርብ ንቤ ጠፋ። ቅዳሜ አንተ ጋ ተገኘ። የምትለው አለህ?"

በዚያ ግማሽ ሰዓት ምን ሲያደርግ እንደነበር የምናውቀው ሁለታችን ብቻ ነን። ባዶው ቀፎ ላይ ተደግፎ ለእኔ ሁለት ገጽ ሲጽፍ ነበር። ሜትሮ ወደ እኔ አየ። ብዙም አልቆየ፤ አንድ ጊዜ ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። ጠበቀኝ። እኔ የእግሬን ጣቶች አየሁ።

"የለኝም" አለ።

"እናትህ ዘጠኝ ዓመት ስትገባና ስትወጣ ከቤቴ መርፌ አልጎደለም" አሉት አባባ። ሌባ አላሉትም። ከዚያ በላይ ግን ምን ይባላል? ሴትዮዋ ቦርሳቸውን ከጠረጴዛው ላይ አንስተው ብብታቸው ሥር ሲከትቱ አየሁ። አናጢ የሰው ቤት ገብቶ የሚሠራ ሰው ነው፤ ስሙ ከጎደፈ መጋዝ ምን ያደርግለታል። በማግስቱ ሴትዮዋ የበሩን ትእዛዝ መሰረዛቸውን ሰማሁ።

ወደ ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ እናገራለሁ ብዬ ነበር። "ዛሬ መንገዱ ተጨናንቋል" አልኩ። ይኸው ነው የወጣኝ።

* * *

እሮብ ጎህ ሲቀድ የግቢው በር ተንኳኳ። በመስኮት አየሁ። ሜትሮ ቀፎውን በሩን በወንፊት ዘግቶ፣ በገመድ አስሮ፣ በጋሪ ጭኖ አምጥቷል። ንብ የሚጓጓዘው ሁሉም ቤቱ ገብቶ ሳለ፣ ማለዳ ወይም ሲመሽ ነው፤ በንዴት ጊዜ እንኳ ይህን አልረሳም። አባባ በእጃቸው ወደ ጓሮ አመለከቱት። ባዶውን ቀፎ ፈቀቅ አድርጎ የራሱን በቦታው አስቀመጠ፤ ወንፊቱን አነሳ፤ ጥቂት ቆሞ በሩን አየ። ሲወጣ ወደ መስኮቴ ቀና አላለም።

አባባ ወደ ክፍላቸው እስኪገቡ ጠብቄ ወረድኩና የባዶውን ቀፎ ክዳን አነሳሁ። ወረቀቱ አለ። በእርሳስ ነው የተጻፈው፤ ሜትሮ ከእርሳስ ሌላ አይጽፍም።

"ንቡን መልሻለሁ። ከዘጠኙ ፍሬም አምስቱን ሠርተዋል፤ እንቁላልም አለ። በሰሜን በኩል ያለው የክዳኑ ጠርዝ ስለተሰነጠቀ ዝናብ ሳይመጣ ይደፈን።

"እኔም ቅዳሜ ዕለት ነጥቡን አይቻለሁ። ከትከሻሽ ኋላ ቆሜ ነበርኮ። ፍሬሙን የያዘው ጣትሽና የንግሥቲቱ ጀርባ አንድ ቀለም ነበሩ። እጅሽ ሲቆምም አየሁ። ያን ጊዜ የማን እንደሆነች አወቅሁ፤ አንቺም እንዳወቅሽ አወቅሁ። አሁን ትነግረኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ብትነግሪኝ በዚያው ቀን ተሸክሜ እመልስ ነበር። 'እንኳን ደስ አለህ' አልሽኝ። ምናልባት ነገ ትነግረኛለች አልኩ። ስምንት ቀን ጠበቅሁ።

"እሑድ ዕለት አባትሽ ሲጠይቁኝ ስለ ደብዳቤው ብናገር ዕዳው ወዳንቺ ሊዞር ነው። ስለዚህ ተውኩት። አንቺም ተውሽኝ። ስለ ንቡ አልከፋኝም፤ ንብ ሌላም ይመጣል። ከአንቺ ጋር አንድ ነገር አይተን፣ አንቺ ያላየሽ መስለሽ መኖር መቻልሽ ነው የከፋኝ። እዚህ ማንም ቤቱን አያስነካኝም፤ አርብ ጠዋት ሌላ ከተማ ሥራ ይዣለሁ። የጣሪያውን መሰላል ለበያጁ ትቼለታለሁ። ደህና ሁኚ።"

ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፌ ኪሴ ከተትኩ። ሥራ ሄድኩ። አንዲት ብሎን ሦስት ጊዜ ከእጄ ወደቀች፤ አለቃዬ አሞሽ እንደሆነ ሂጂ አለችኝ። የጥፍሬን ቀለም መታጠቢያ ቤት ገብቼ ፍቄ አነሳሁት። ጣቶቼ ቆዳቸው እስኪቀላ ነው የፈቅኩት፣ ቀለሙ ከለቀቀ በኋላም አላቆምኩም።

* * *

ከሰዓት በኋላ አባባ ጓሮ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ደብተሩን ጭናቸው ላይ አድርገው አገኘኋቸው። ደብተሩን ከጭናቸው ላይ አነሳሁና የዚያን እሮብ ገጽ ገለጥኩ። ቆሜ ነው የተናገርኩት፤ ብቀመጥ የምተወው መስሎኝ ፈራሁ።

"አባባ፣ ይሄ ውሸት ነው" አልኩ። "ስድስት የንግሥት ጎጆ ነበረ። አይቼ ነው 'ሁሉ ደህና' ብዬ የጻፍኩት። ሜትሮ ጋ ለመሄድ ቸኩዬ ነበር። መንጋው ራሱ ወጥቶ ሄዶ እሱ ግቢ ሰፈረ። ሲይዘው አብሬው ነበርኩ፤ ቄንጠኛዋን አይቼ ዝም አልኩ። ሐሙስ ግማሽ ሰዓት የቆየውም ለእኔ ደብዳቤ ሲጽፍ ነው። እሑድ ይህን ሁሉ እያወቅሁ ነው በሩ ላይ የቆምኩት።"

አባባ ቀፎዎቹን አዩ። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቁጣ ቢሆን ኖሮ ቀለል ይለኝ ነበር።

"ተቀመጪ" አሉኝ።

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ድሮ ችሎት ላይ ሳሉ ሁለት ወንድማማቾች ስለ ንብ ተካሰው ቀርበው እንደነበር አጫወቱኝ። የአንደኛው ንብ ወጥቶ የሌላኛው ዛፍ ላይ ሰፈረ። አባባ ፈረዱ፤ ከቀፎው የወጣን መንጋ ባለቤቱ እግር በእግር እየተከተለ ካልፈለገው በቀር ንቡ የያዘው ሰው ነው አሉ። ይህንኑ በወረቀት ጽፈው፣ ፈርመው፣ ማኅተም አድርገውበታል።

ነገሩ ያኔ ገባኝ። ያን ቅዳሜ ብናገር ኖሮ ሜትሮ ንቡን አያጣም ነበር። በሕግም የእሱ ነበር። ልንከባከብለት ብዬ የደበቅሁት ደስታ ለካስ ማንም የማይነጥቀው ኖሯል። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ በከንቱ ሰው አቁስያለሁ።

"እሑድ ዕለት ታዲያ ይህን አላስታወሱም?" አልኳቸው።

"አስታውሻለሁ" አሉ። ድምፃቸው ያረጀ መሰለኝ። "ባዶው ቀፎ ውስጥ ወረቀት እንደሚቀመጥ ካወቅሁ ቆይቻለሁ። አላነበብኩም፤ ግን አውቃለሁ። ከአንቺ የማርቅበት ሰበብ ስፈልግ ነበር፤ ያቺን ቀይ ነጥብ ሳይ ሰበቡ እጄ ላይ ወደቀ። ሠላሳ አንድ ዓመት እንደዚያ ያለ ፍርድ አልፈረድኩም፣ ልጄ።"

ሁለታችንም አለቀስን ልላችሁ አልችልም፤ አባባ አያለቅሱም። መነፅራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ፣ እንደገና አውልቀው ጠረጉ። ከዚያ እስክሪብቶውን ሰጡኝና አስተካክለሽ ጻፊ አሉኝ። "ሁሉ ደህና" የሚለውን ሰርዤ ከሥሩ የሆነውን ሁሉ ጻፍኩ። ጽሑፌ አላማረም። ፀሐይ ስትጠልቅ የሜትሮን ቀፎ በር በወንፊት ዘጋን።

* * *

ሐሙስ ማለዳ ቀፎውን በአባባ አሮጌ መኪና የኋላ ወንበር ላይ አድርገን ሄድን። አባባ ሲነዱ ንቦቹ ከኋላችን ያንጎራጉሩ ነበር፤ እኔ ዞሬ ክዳኑን በእጄ ደግፌያለሁ። የግቢውን በር የከፈተልን በያጁ ነው። ቀፎውን ሲያይ ጭምብሉን ከመስቀያው አውርዶ ደፋ።

ሜትሮ መሣሪያውን በእንጨት ሳጥን እየደረደረ ነበር። መላጊያው፣ መሮው፣ መጋዞቹ በጨርቅ ተጠቅልለዋል። ከዘይቱኑ ሥር፣ ቀፎው ድሮ በነበረበት ቦታ፣ ጥቂት ንቦች ይዞራሉ፤ ትናንት ከእኛ ጓሮ ወጥተው ወደለመዱት ቦታ የተመለሱ ናቸው። ቤቱን ሲያጡ እዚያው ባዶ እንጨት ላይ ኩምትር ብለው አድረዋል። ሜትሮ ነፋስ እንዳይነካቸው አንድ የጣውላ ቁራጭ ከላያቸው አጋድሞላቸዋል። እንዲያ ተናዶ፣ እንዲያ ተሰድቦ፣ ሊሄድ አንድ ቀን ሲቀረው ይህን ያደረገ ሰው ነው ሌባ ሲባል ዝም ያልኩት። እንባዬ ያኔ መጣ፤ ግን ለእንባ አልመጣሁምና ዋጥኩት።

በያጁን እንዲቀርበን ጠየቅሁት። እሑድ የተባለውን ስለሰማ ይህንንም መስማት አለበት።

"ንግሥቲቱን የዚያን ቀን አይቻታለሁ" አልኩ። "የእኛ መሆኗን አውቄ ነው እንኳን ደስ አለህ ያልኩህ። የዚያን ሐሙስ ጓሯችን የቆየኸው ለእኔ ደብዳቤ ስትጽፍ ነው። አባባ ሲናገሩህ ይህን አውቅ ነበር፤ ቆሜ ሰማሁ።"

ሜትሮ የያዘውን መዶሻ አላስቀመጠም። "ለምን?" አለኝ።

በመንገድ ያዘጋጀሁትን መልስ ተውኩት።

"ቅዳሜ ዕለት ደስ ብሎህ ስለነበር ነው። መንጠቅ አቃተኝ። እሑድ ዕለት ግን ላንተ ብዬ አይደለም። ፈርቼ ነው።"

አባባ ኮፍያቸውን አወለቁ። ሰው ፊት ያሉትን ሰው ፊት ሊያነሱ እንደመጡ፣ ንቡ የያዘው ሰው እንደሆነ፣ ይህን እሑድ ዕለትም ያውቁት እንደነበር ተናገሩ። በሩን የሰረዙትን ሴትዮ ቤታቸው ድረስ ሄደው እንደሚያነጋግሯቸው ቃል ገቡ። እናቱንም ይቅርታ ሊጠይቁ እንደሚፈልጉ ሲነግሩት ሜትሮ ራሱን ነቀነቀ።

"እናቴ አልሰማችም" አለ። "ለእርስዎ ክብር ነው ያላት፤ አልነገርኳትም።"

አባባ ኮፍያቸውን በእጃቸው እንደያዙ "እንግዲያው እኔው እነግራታለሁ" አሉ።

ቀፎውን ከመኪናው የሚያወርደው ሰው ያስፈልግ ነበር። አባባ በአንድ በኩል ያዙ፤ እጃቸው ሲንቀጠቀጥ ቀፎው ሁሉ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሜትሮ መዶሻውን አስቀምጦ መጣና በሌላኛው በኩል ያዘ። ለመራመድ አልቸኮለም፤ በአባባ እርምጃ ልክ እየተራመደ፣ ክብደቱን ወደ ራሱ ወስዶ፣ የድሮ ቦታው ላይ አሳረፉት። ወንፊቱን ሲያነሳ በጣውላው ሥር ያደሩት ንቦች ሽታውን አውቀው ወደ በሩ ተንጋጉ። ውስጥ ያሉትም ጅራታቸውን ቀስረው ክንፋቸውን ያርገበግቡላቸው ጀመር። አራታችንም ቆመን አየን።

"አሥራ ሁለት ቀን ዘገየሽ" አለኝ፣ ዓይኑን ከንቦቹ ላይ ሳያነሳ።

"አዎ" አልኩት።

"ዛሬ ምንም ልልሽ አልችልም።"

"አውቃለሁ።"

ዞር ብሎ እጄን አየ። ባዶ ጥፍሮቼን፣ ዙሪያውን የተላጠ ቆዳዬን ለረጅም ጊዜ አየ፤ እኔም አልደበቅኋቸውም። በዚያች ሰዓት ይቅር በለኝ ማለት እንኳ ድፍረት መስሎ ተሰማኝና አላልኩም። መሣሪያው ወዳለበት ሳጥን ሄደ። ይዘጋዋል ብዬ ፈራሁ። መሮውን አወጣ፤ ጨርቁን ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ፤ እንደማይቸኩል ሰው ጠርዙን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ።

"ቅዳሜ ፍሬሞቹን ማየት አለብኝ" አለ ለመሮው። "ብቻዬን አልችልም።"

ብቻውን እንደሚችል አውቃለሁ። አባባም ያውቃሉ፤ በያጁም ከጭምብሉ ሥር ሆኖ ያውቃል። ማናችንም አልተናገርንም።